ተኩስ

ዖርፋ እባላለሁ፤ ልብስ አጣቢ ነኝ በዚህ በረሃ፣
ገንዳዬ ከጥድ ነው፣ ገቢዬ ሳንቲም፣ ጌታዬ ውሃ።
የመጽሐፏ ዖርፋ አማቷን ስማ ወደ አገሯ ዞረች፤
ይቺኛዋ ግን የባቡር ዋጋ አጥታ ድራይ ፎርክ ቀረች።

ሰኞ የፕሩዊቶች፣ ሐሙስ የሃስከሎች እድፍ ይመጣል፤
ባንድ ገመድ አልሰቅልም፣
ነፋስ እጅጌ ከእጅጌ ቢያጨባብጥ እንኳ ሰው ያስገድላል።

ነገሩ ከጥጃ ተነሣ፤
ግንባሯ ቦቃ፣ እናቷ በድርቅ የሞተችባት፣
ባለቤት ነኝ የሚል ብረት ገና ያላረፈባት።
ሽማግሌው ፕሩዊት ምልክቱን በፍም አግሎ ጥጃዋን ተኮሰ፤
ሕልቃና ሃስከል ከአጥሩ ማዶ ሽማግሌውን ተኮሰ፤
እኔም በማግስቱ ለሬሳ የሚሆን ነጭ ሸሚዝ ስተኩስ አመሸሁ፣
ሦስታችንም የጋለ ብረት ይዘን።
ጥጃዋን ግን ውሃ ያጠጣት አልነበረም፤
በሳምንቷ አጥር ሥር ሞተች፤ የከሰሰም የለም፣ የተካሰም የለም።

ይኸው ሰባት ዓመት።
እኔ ሰውን በፊቱ አላውቅም፤ ሸሚዙን ነው የማውቀው፤
የዜብሎን ፕሩዊት ግራ ክርን ሁልጊዜ ሳስቶ ነው የሚመጣው፣
መስኮት ደፍ ላይ ተደግፎ፣ ጎዳናውን ሲያይ ነው የሚያነጋው።
የሃስከል ወንድማማቾች ኪስ ባሩድ ባሩድ ይላል፤
ከታናሹ ኪስ ግን አንዳንዴ የከረሜላ ስባሪ ይወጣል።

ቀዳዳ ስጠቅም የክሩን ጫፍ እቋጥራለሁ፤
እነሱም ይቋጥራሉ፣ አያለሁ።
የእኔ ቋጠሮ በጥርስ ይበጠሳል፤
የእነሱ ከአባት ለልጅ፣ ከኮርቻና ከላም ጋራ ይወረሳል።

የደምን ነገር እናቴ ስታስተምረኝ እንዲህ አለች፦
«በፈላ ውሃ አትንኪው፤ ሙቀት ካገኘ ይረጋል፣
ከድርና ማጉ ተዋዶ ልብሱን እስኪጨርስ ይኖራል።
በቀዝቃዛ ውሃ ንከሪው፣ በጨው እሺው፣ ታገሺ፤
ነገ ይለቃል፤ ካለቀቀም ከነገ ወዲያ ተመለሺ።»

ይህንኑ ለሸሪፉ ብነግረው ሳቀብኝ።
ለሰባኪው ብነግረው እሑድ ሰበከው፤
ግራ ወንበር ፕሩዊት፣ ቀኝ ወንበር ሃስከል፣ አንገቱን ደፍቶ ሰማው፤
ሲወጣም ሁሉም ከበሩ ሥር ሽጉጡን እንደ ጃንጥላ አነሣው።

አሣሄል ይባላል የሃስከል መጨረሻ።
የመጽሐፉ አሣሄል እግሩ እንደ ሚዳቋ ነበረች ይላሉ፤
የእኛው ከፈረስ ወድቆ ያነክሳል፣ ዐሥራ ስድስትም አልሞላው፤
«ደም መልስ» ብለው ሰደዱት፣ ተራህ ደርሷል እያሉ።
በደጄ ሲያልፍ ቆም አለ፦
«ሰማያዊዋ ሸሚዜ ደረቀች?»
«ገና ናት፤ ነገ ና» አልኩት።
ዋሸሁት።
ደርቃ፣ ተተኩሳ፣ ታጥፋ መደርደሪያው ላይ ነበረች።
ነገ የሚባል ነገር ልሰጠው ፈልጌ ነው፤
ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ሐሙስን አልጠበቁም፤ ረቡዕ ማታ አመጡልኝ፣
የለበሳትን አሮጌዋን፤ ደረቷ ላይ ያለውን «ጥቀሚው» አሉኝ።
ከፕሩዊቶች ቅርጫትም የዜብሎን ሸሚዝ ወጣ፤
ግራ ክርኑ እንደ ወትሮው ሳስቷል፤
ከትከሻው እስከ ወገቡ የእርሱ ያልሆነ ደም።
አቅፎት ነበር ማለት ነው፣
ከተኮሰው በኋላ።

ሁለቱን ባንድ ገንዳ ነከርኩ፣ ከጉድጓድ በተቀዳ፣ እጅ በሚያደነዝዝ ውሃ።
ሁለቱን ባንድ ገመድ ሰቀልኩ።
ነፋስ ተነሣ፤ እጅጌ ከእጅጌ ተጠላለፈ።
ማንም አልተኮሰ።

ጧት የዜብሎን እናት መጣች፤ ገመዱ ሥር ብዙ ቆመች።
«ስንት ነው?» አለች።
«ሃያ ሳንቲም።»
አርባ ቆጥራ መዳፌ ላይ አኖረች፤
ለየትኛው እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አልነገረች።